የእትዬ ሮማን ቫዞዎችና የስብሰባ ውሃ

እትዬ ሮማን ኢንጂነሩን ስታጥበው መቀስ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ቆይ፣ ከዚህ አልጀምርም። ከዚህ ከጀመርኩ ኢንጂነሩ ሰው ይመስላችኋል።

መሥሪያ ቤታችን ሀዋሳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ እንጀራዬ እዚያው ነው። እኔ በወረቀት ላይ "የአዳራሽ ጉዳዮች ሠራተኛ" እባላለሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ አስቀምጣለሁ፣ ሲያልቅ አነሳለሁ። ትምህርቴ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። ጽሑፌን ያየ ዲግሪ ያለኝ ይመስለዋል፣ ሲያናግረኝ ይገባዋል።

እትዬ ሮማን ጽዳት ናት። በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ስቀጠር "እርስዎ" ብያት፣ "ተው እባክህ፣ አታስረጀኝ፤ እህትህ ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሮማን፣ አንቺ እያልኩ ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። የተወለደችው ይርጋለም ነው። አራተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞቱ፣ ደብተሩ እዚያ ላይ ቀረ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አክስቷ ዘንድ ሀዋሳ መጣች። ግሬደር የሚነዳ ባል አገባች፣ ሐዳሳ የምትባል አንድ ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ባልየው በጉበት ሞተ። በመጥረጊያ ልጅ አሳደገች። አስተማረቻት፣ ዲፕሎማ አስያዘቻት፣ ዳረቻት፤ አሁን እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ከነሱ ጋር ነው የምትኖረው። እሁድ ጸሎት ቤት፣ ሰኞ መጥረጊያ። አንድ ትርፍ ነገር ብቻ አለባት፦ ቫዞ።

ቫዞው የመጣው በዝውውር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲዛወር ኮምፒዩተሩን ለንብረት ክፍል ያስረክባል፣ አበባውን ለእትዬ ሮማን። ለንብረት ክፍል አምስት ቦታ ይፈርማል፤ ለሷ "አደራ" ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አበቦቹ የሚጠሩት በድሮ ባለቤታቸው ሥራ ነው። ያ ቅጠሉ እንደ ተቀዳደደ ጃንጥላ የሆነው፣ ከሰው ቁመት በላይ የወጣው "ኢንጂነሩ" ነው፤ ጅማ የተዛወረ ኢንጂነር የተወው። ቅጠሏ ወፈር ያለው፣ ቅባት የተቀባች የምትመስለው "ኦዲተሯ" ናት። ሌሎችም አሉ፣ ለዛሬ ሁለቱ ይበቁናል። ሁለቱም የሚቆሙት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ኢንጂነሩ በሩ አጠገብ፣ ኦዲተሯ መስኮቱ ሥር።

ጠዋት ስትገባ "ኢንጂነሩ ዛሬ አዲስ ቅጠል አወጣ" ትላለች። አዲስ ተቀጣሪ ካለ ይደነግጣል።

አጠጣጧም የራሷ ነው። ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች። ደርቆ ካገኘችው ታጠጣለች፣ እርጥብ ከሆነ ትተወዋለች። እያንዳንዱ ቫዞ አንገት ላይ ክር አለ፤ ባጠጣች ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። "ወረቀት ይጠፋል፣ ክር የት ይሄዳል?" ትላለች።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባልመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ ዮዲት ወተት ትሸጣለች። ወተት የሚሸጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ ጠርሙሱ ደግሞ የሚገኘው ስብሰባ ላይ ነው። የስብሰባ ሰው ውሃ አይጨርስም። ይከፍተዋል፣ ሁለት ጊዜ ጎንጨት ይላል፣ ይተወዋል፤ ልክ እንደ አጀንዳው። ሠላሳ ሰው ከተሰበሰበ ሠላሳ ግማሽ ጠርሙስ ይተርፋል። እኔ የምፈልገው ባዶውን ነው። መታጠቢያው ሁለት ፎቅ ታች ነው። ኢንጂነሩ ደግሞ እዚሁ፣ በክንዴ ርቀት።

አፈሰስኩ። ሠላሳውንም።

እውነቱን ለመናገር ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ውሃ በከንቱ አልደፋሁ፣ ተክል አጠጣሁ፣ ሚስቴን አገዝኩ። ኢንጂነሩም አላስነቃብኝም። ለእንግዳ እንዲያምር ተብሎ ግዢ ክፍል ትልልቅ ነጭ መሸፈኛ ቫዞ ገዝቶ ነበር፤ ተክሉ ያለበት ላስቲክ ቫዞ እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ነጩ ቀዳዳ የለውም። የቱንም ያህል ብታፈስ መሬት ላይ ጠብ የሚል የለም፤ ከታች ይጠራቀማል። ያኔ ጥቅምት ነበር፣ የሩብ ዓመት ግምገማ። በሳምንት አራት ቀን ስብሰባ። ወተቷም በጠርሙስ በጠርሙስ ሆነች።

ኅዳር ላይ ኢንጂነሩ ከታች ቅጠሎቹ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ኃላፊያችን አቶ ጌታቸው ስብሰባ ሊመሩ ሲገቡ አዩት።

"ሮማን! ይሄ ተክል እኮ በውሃ ጥም እየሞተ ነው!"

"አልጠማውም አቶ ጌታቸው። አፈሩ እርጥብ ነው።"

"እርጥብ ከሆነ ለምን ጠወለገ?"

"ጠጥቶ ነው።"

"ጠጥቶ?" ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። "ሰክሯል በይኛ!"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

"በቀን ሁለቴ አጠጪው" ብለው አዘዙ። "እሺ" አለች፣ ግን አላጠጣችውም። ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ሃያ ስድስት ጠርሙስ።

በማግስቱ ጓሮ አስወጣችኝና ኢንጂነሩን አስያዘችኝ። ነጩን መሸፈኛ ስታነሳው ጥቁር ውሃ ተደፋ፤ የሀይቅ ዳር ጭቃ ይሸታል። ላስቲክ ቫዞውን መታ መታ አድርጋ ተክሉን ከነሥሩ አወጣችው፣ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፣ አፈሩን በጣቷ አራገፈችለት፣ ልክ ሕፃን እንደምታጥብ።

"አየህ፣ ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፣ ቆፍጠን ያለ ነው። ይሄ ደግሞ..." አንዱን ጥቁር ሥር ሳብ ስታደርገው ላዩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጇ ላይ ቀረ። "በስብሷል።"

"ከምንድነው?"

"ከውሃ ነዋ! ሥር ይተነፍሳል ተስፋዬ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ካስቀመጥከው ይታፈናል። ከታፈነ በኋላ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ላዩን ሲያዩት የጠማው የሚመስለው። ሰው ያያል፣ ያዝንለታል፣ ይጨምርበታል። በደግነት ይገድለዋል።"

"በደግነት" አልኩ እኔ።

"መቀሱን አቀብለኝ።"

አቀበልኳት። ከኮሮና ጊዜ በተረፈ አልኮል ጠረገችው። ጥቁሩን ሁሉ ቆረጠች፤ አንድ በቆረጠች ቁጥር መቀሱን ትጠርጋለች። "ካልጠረግከው በሽታውን ወደ ጤነኛው ትወስደዋለህ" አለችኝ። ሲሶ የሚሆን ሥር ተረፈ። ከቅጠሉም ቀነሰችለት፤ ያ የተረፈ ሥር ያን ሁሉ ቅጠል አይችልም አለች። ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ነሰነሰች፣ ጋዜጣ አንጥፋ ጥላ ውስጥ አስተኛችው፣ ትንሽ ይድረቅ ብላ። አሮጌውን አፈር አስደፋችኝ፤ በሽታው እሱ ውስጥ ስላለ ለሌላ ቫዞ እንኳ አይሆንም። ቫዞውን በበረኪና አጠበች። ከሰዓት በኋላ አዲስ አፈር አበጀች፦ እኩል አፈርና አሸዋ፣ ከሀይቁ ዳር የለቀመችው ያ ቀላሉ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ተሰብሮ፣ የከሰል ስብርባሪ። ይሄ ሁሉ ውሃ ቶሎ እንዲያሳልፍ ነው። ቫዞውንም አነስ ያለ መረጠች፤ ትልቅ ከሆነ ሥሩ የማይደርስበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀራል።

"ሳምንት ውሃ የለም" አለች። "ይሄን ነጭ ነገርም ዳግመኛ አላለብሰውም። ለኦዲተሯም ላወልቅላት ብዬ አቶ ጌታቸው እንግዳ ይመጣል፣ ይቆይ አሉ።"

ከዚያ የኢንጂነሩን ክር ሰጠችኝ።

"ቋጠሮውን ቁጠርልኝ።"

ቆጠርኩ። "ስድስት።"

"ከመስከረም እስካሁን ስድስት ጊዜ። ስድስት ጊዜ ያጠጡት ይሄን ሁሉ ውሃ አያጠራቅምም።" እጇ ከነጭቃው ጉልበቷ ላይ ነበር። "ሳልቋጥር ያጠጣሁት አለ ማለት ነው። አጠጥቼ ረስቼ።"

መናገር የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን "ሊሆን ይችላል" የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሩ ላይ ጠብታ አላፈሰስኩም። ይሄን እንደ መልካም ሥራ ያዙልኝ፣ ሌላ የለኝምና። ለአንድ ሳምንት ጠርሙሱን ሁሉ በካርቶን ተሸክሜ ታች ወርጄ ደፋሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ። ኦዲተሯን አየኋት። ወፍራም ናት፣ ጠንካራ ናት፣ ይሄ ውሃ ለሷ ምኗም አይደለም አልኩ። በዚያ ላይ ታኅሣሥ ነው፣ ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ግማሹን ብቻ ነው አልኩ። ጥር ሲገባ ሙሉውን ሆነ፤ የግማሽ ዓመት ግምገማ ነበረ።

የመጀመሪያውን አለማወቅ እንበለው። የሁለተኛውን ስም እናንተ አውጡለት።

ጥር ማለቂያ ላይ ኦዲተሯ ግርጌዋ እንደ በሰለ ሙዝ ለሰለሰ። እትዬ ሮማን ጓሮ ወስዳ አወጣቻት፣ ያው ጥቁር ውሃ፣ ያው ሽታ። ክሩን አየችው፦ በሁለት ወር ሁለት ቋጠሮ። ከሥሯ የሚተርፍ ስላልነበረ አንድ ደህና ቅርንጫፍ ቆርጣ ለብቻው አስቀመጠችና ባልዲ ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

"ተስፋዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለማንም እንዳታወራ።"

"ምን ሆንሽ?"

"እናቴን በኔ ዕድሜ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ወጥ ላይ ጨው ትደግም ነበር። ጨምራ፣ አልጨመርኩም ብላ ደግማ ትጨምራለች። እኛ እንስቅባት ነበር። ቀጥሎ እሳት ለኩሳ መርሳት መጣ። መጨረሻ ላይ ይርጋለም ገበያ መሐል ቆማ 'አንቺ ልጅ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው?' አለችኝ። ስሜን አጥታው።"

"አንቺ እኮ ደህና ነሽ።"

"ደህና አይደለሁም። ኦዲተሯን ስነካት ሁሌ እርጥብ ናት። ማን አጠጣት? የአዳራሹ ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ጋ ነው። አንተ ደግሞ አበባ አትነካም።"

"አልነካም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ በእጄ ነክቻቸው አላውቅም።

"ለሐዳሳም ነገርኳት። መደበቅ አልችልም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋርማሲ ሥራ ስትገባ ልጇን ሚኪያስን የምይዝላት እኔ ነኝ። ገና ዓመቱ ነው። ምድጃ ለኩሼ ብረሳስ? የት እንዳስቀመጥኩት ብረሳስ? እኔው ነኝ ለብቻዬ አትተዪልኝ ያልኳት። አሁን ለጎረቤት ትሰጠዋለች።" ቅርንጫፏን አንስታ አየቻት፣ መልሳ አስቀመጠቻት። "ጎረቤት ሲወስደው በአጥሩ ላይ አየዋለሁ። እጁን ወደኔ ይዘረጋል።"

ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። "ጸልዪ" አልኳት። እኔ! ለሰርግ ካልሆነ ጸሎት ቤት የማልረግጥ ሰውዬ።

"እየጸለይኩ ነው" አለች።

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ባዶ ወረቀት ይዛ ወደ አዳራሽ መጣች።

"ጽሑፍህ ያምራል። ማመልከቻ ጻፍልኝ።"

"የምን ማመልከቻ?"

"መልቀቂያ። ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል፣ ግን እስከዚያ አልቆይም። ዛሬ አበባ ነው፤ ነገ የማን ቢሮ በር ከፍቼ እንደምሄድ፣ የማን ማሞቂያ ሶኬት ላይ ትቼ እንደምወጣ አላውቅም። ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ልውጣ።"

"'በግል ምክንያት' ብዬ ልጻፈው?" አልኳት። ለክብሯ ማሰቤ ነበር።

"ውሸት አልጽፍም። የማስታወስ ችሎታዬ ስለከዳኝ በል።"

ጻፍኩት። "የማስታወስ ችሎታዬ ስለከዳኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ልማድ ሆኖበት። አንብቤላት "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ጥሩ ሰው ነህ" አለችኝ። ወንበሩ ሥር ካርቶን ሙሉ ባዶ ጠርሙስ ነበረኝ። በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት።

ማታ ለዮዲት ነገርኳት። እራት እየበላን ነበር፣ መብላቷን አቆመች።

"ይሄን ሁሉ ያደረግከው በኔ ጠርሙስ ነው?"

"በስብሰባው ጠርሙስ ነው።"

"ወተቱ የኔ አይደል? ተው እንጂ ተስፋዬ! ሴትዮዋ አበድኩ ብላ የልጅ ልጇን በአጥር እያየች፣ አንተ ጉልበቴን አመመኝ ትላለህ?"

"ነገ እነግራታለሁ።"

"ደብዳቤውን ካስገባች በኋላ?"

"በፊት።"

"ለኔ ሁለተኛ ጠርሙስ እንዳታመጣ" ብላ ትሪውን አነሳችው። እኔ ገና አልጠገብኩም ነበር፣ ግን ለማለት አልደፈርኩም።

ጠዋት በጊዜ ገባሁ። እትዬ ሮማን ቀድማኛለች፣ የእሁድ ልብሷን ለብሳ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና በእኔ እስክሪብቶ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው።

"እስቲ እየው። ስሜን በትክክል ጽፌዋለሁ?"

ሮማን ይላል። የአባቷም ስም አለ። ሃያ ዓመት የደመወዝ ሊስት ላይ የፈረመችው ያው ስም ነው። ሴትየዋ የገዛ ስሟን እኔን ነው የጠየቀችኝ።

"ትክክል ነው" አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ። "ትክክል ነው እትዬ ሮማን።"

ፖስታ ውስጥ ከታ ወጣች። አሁንም አልነገርኳትም። ምክንያት አትጠይቁኝ፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

አቶ ጌታቸው ስብሰባ ነበራቸው። ኮሪደሩ ላይ ፖስታዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ "ከምሳ በኋላ ነይ" ብለው አለፏት። ሰው ተበታተነ። እኔ ካርቶኔን ይዤ ገባሁ። አሥራ ስምንት ጠርሙስ፣ ሁሉም ግማሽ ግማሽ። አንዱን አንስቼ በልማዴ ክዳኑን እየከፈትኩ ሳለ እትዬ ሮማን ከኋላዬ ገባች። ሥራ የምትለቅበት ቀን ነው፣ ግን ኢንጂነሩን ሳትነካው ምሳ አትወጣም። ከኅዳር ወዲህ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች።

"ደርቋል። ዛሬ መጠጣት አለበት" አለች። ወዲያው ደግሞ "ወይስ ትናንት አጠጥቼዋለሁ? ተስፋዬ፣ ትናንት ሳጠጣ አይተኸኛል?"

አፌ እምቢ አለ። እጄ ግን ጠርሙሱን ይዟል። ጎኗ ቆሜ ውሃውን ኢንጂነሩ ላይ ገለበጥኩት። ዱቅ ዱቅ እያለ ፈሰሰ። ባዶውን ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩት።

እትዬ ሮማን አፈሩን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች።

"ደግመህ አድርገው።"

ሁለተኛ ጠርሙስ አምጥቼ ገለበጥኩ።

"በቃ" አለች። "በቃ፣ እንዳታሰምጠው።" እጇን ቫዞው አፍ ላይ ጋረደች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥቅምት።"

"ኦዲተሯንም?"

"እሷንም።"

የፊት መደዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የትልልቅ እንግዶች ወንበር ነው፣ ተቀምጣበት አይቻት አላውቅም።

"ኢንጂነሩን ሳጥብ አጠገቤ ነበርክ።"

"አዎ።"

"መቀሱን ያቀበልከኝ አንተ ነህ።"

"አዎ።"

"ጸልዪ አልከኝ።"

"አዎ።"

"ይሄን ወረቀት ጻፍክልኝ።"

"አዎ፣ እትዬ ሮማን።"

ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሷ የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካች ታስብ ጀመር። የረሳችው መስሏት የነበረውን ሁሉ መልሳ እየሰበሰበች እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ።

"የጸሎት ቤቱን ጃንጥላ ባጃጅ ውስጥ ረሳሁት፤ እሱን ግን እኔ ነኝ" አለች።

"ጃንጥላ ሁሉም ሰው ይረሳል።"

"አንተ ዝም በል።"

ፖስታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

"ና፣ እንሂድ።"

"አቶ ጌታቸው ጋ?"

"እሳቸው ይቆዩ። ልጄ ጋ።"

ባጃጅ ያዝን። እስከ አዲስ ከተማ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ሄደች። ሾፌሩ መስተዋቱ ላይ እያየ "ለቅሶ ነው እናቴ?" አላት። "አይደለም" አለችው። እኔ አዎ ብል ደስ ይለኝ ነበር።

በሩን የከፈተችው ሐዳሳ ናት። እናቷን በሥራ ሰዓት፣ ከኔ ጋር ስታያት ፊቷ ተለወጠ። የጠየቀችውም እናቷን ሳይሆን እኔን ነው።

"ጋሽ ተስፋዬ፣ ምን አደረገች? ጠፍታ ነው ያገኟት?"

እትዬ ሮማን ሰማች። እኔም እንደሰማች አየሁ።

"ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ" አለች። "ንገራት።"

ግቡ የሚል ስላልነበረ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ስብሰባውን፣ ጠርሙሱን፣ ነጩን መሸፈኛ፣ ጉልበቴን። ጉልበቴን ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። "እናትሽ ምንም አልረሳችም። አንድም ቀን አልረሳችም። ውሃው የኔ ነው" አልኩ። ከሐዳሳ ትከሻ በላይ ቤቱ ይታየኛል። ግድግዳው ላይ በትልልቁ የተጻፉ ወረቀቶች በፕላስተር ተለጥፈዋል። ከምድጃው በላይ "እማ፣ እሳቱን አጥፊ።" ቧንቧው ጋ "እማ፣ ዝጊው።" በተከፈተው በር በውስጥ በኩል፣ ከላይ ደግሞ "እማ፣ ሚኪያስን ይዘሽ እንዳትወጪ።"

ሐዳሳ አልሰደበችኝም። የማየውን ስታይ ዞር አለች፣ እሷም ወረቀቶቹን አየቻቸው፣ ከዚያ እናቷን ማየት አቃታት።

"እማ" አለች። "እማ፣ እኔ እኮ..."

"እኔ ነኝ ለጥፊልኝ ያልኩሽ።"

"ሦስተኛውን አላልሽኝም።"

ከውስጥ ሚኪያስ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። አንደኛዋ እሄዳለሁ ማለት ፈራች፣ ሌላዋ ሂጂ ማለት አፈረች። ልጁ ጮኸ።

"እማ፣ አንሺው" አለች ሐዳሳ፣ መሬት መሬት እያየች።

እትዬ ሮማን ጫማዋን አወለቀችና ገባች። ወዲያው ለቅሶው ቆመ።

ሐዳሳ የምድጃውን ወረቀት ላጠች። ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞት ተነሳ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ቁራጭ ቀረ። የቧንቧውንም ላጠች። የበሩ ከፍ ያለ ነበር፤ በእግር ጣቷ ቆማም አልደረሰችበትም። እኔ ቁመት አለኝ። ላግዛት ብዬ እጄን ሰደድኩ።

"አይንኩት" አለችኝ።

እጄን መለስኩ። ወንበር ልታመጣ ወደ ውስጥ ስትገባ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።